ዶቃ ወይስ ሽብሽብ

ሰው ሁሉ የሚያስፈነጥዘው ነገር አለው። አንዱ ኳስ መረብ ሲነካ ይጮኻል፤ ሌላው ልጁ በሁለት እግሩ ሲቆም። እሷን የሚያስጮኻት ግን ጤነኛ አንጀት ነው። ከጨለማው የራጅ ክፍል «ምንም የለም! ኧረ ምንም የለም!» የሚል ድምፅ ሲፈነዳ፣ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ባለ ውሾችና ባለ ድመቶች ደንግጠው ይተያያሉ። አዲስ መጪ ከሆኑማ ሌባ ገብቶ ቤቱን ያራቆተው ነው የሚመስላቸው። እናቷ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሆና፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አይዟችሁ፣ ልጄ ናት። ጤነኛ አግኝታ ነው» ትላቸዋለች።

በዚህ የተነሳ ታላቅ ወንድሟ «ደህናዬ» ብሎ ስም አወጣላት። ለማሾፍ ያወጣው ስም እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀረ። አሁን ደንበኞቹም ደህናዬ ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

የእንስሳት ክሊኒኩ የቤተሰብ ነው። ፎቁ ላይ ይኖሩበታል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይሠሩበታል። ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱ ሥራ ገቡ ማለት ነው፤ እናትየው እንደምትለው፣ «ትራንስፖርት ተበላሸ» ብሎ የሚያረፍድ የለም። ወንድምየው የቀዶ ሐኪም ነው። እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር። ለእሱ በሽታ ማለት የሚወጣ ነገር ማለት ነው። ካልሲ፣ የኮክ ፍሬ፣ የሕፃን ጡጦ ጫፍ፣ ከውሻና ከድመት ሆድ ያወጣውን ሁሉ እያጠበ በመስታወት ማሰሮ ከቶ፣ ቢሮው መስኮት ላይ ደርድሮታል። እንግዳ ሲመጣ የእያንዳንዱን ታሪክ ከነጀግንነቱ ይተርካል።

ደህናዬ ደግሞ የምስል ሐኪም ናት። እንስሳት ሕክምናውን እንደ ወንድሟ ተምራ፣ ከዚያ በኋላ ራጅና አልትራሳውንድ ማንበብን ጨመረችበት። ሰው ፊት ታቀረቅራለች፤ ስክሪን ፊት ግን ሌላ ሰው ናት።

«እኔ የሠራሁትን ማሰሮ ውስጥ ታየዋለሽ» ይላታል ወንድሟ። «ያንቺስ ማሰሮ የታለ?»

«የኔ ባዶ ነው» ትለዋለች። «ባዶ መሆኑ ነው ቁምነገሩ።»

ይህ ጤነኛ የመሰብሰብ አባዜ የያዛት ሥራ በጀመረች ሰሞን ነበር። የአንድ መጋዘን ዘበኛ ውሻውን ይዞ መጣ። ውሻው አልበላም ብሎ ነበር። በቀኝ ጎኑ አስተኝታ ራጅ ስታነሳው፣ ጨጓራው ውስጥ ክብ ነገር ታየ። ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ኳስ! ወንድሟን ልትጠራ አፏን ከከፈተች በኋላ፣ እስቲ በሌላው ጎኑ ልየው ብላ ገለበጠችው። በግራ ጎኑ ስታነሳው ኳሱ የለም። ብን ብሏል። በቦታው ጥቁር የአየር አረፋ ተቀምጧል። በጨለማው ክፍል ብቻዋን ቆማ ሁለቱን ምስሎች አፈራርቃ ስታይ ነገሩ ገባት። ኳሱ ራሱ ጨጓራው ነበር! ውሻው በቀኝ ሲተኛ፣ የጠጣው ውኃ ወደ ጨጓራው መውጫ በር ወርዶ ይጠራቀምና ክብ ይመስላል፤ በግራ ሲገለበጥ ውኃው ከዚያ ይሄድና አየሩ ተንሳፍፎ ይገባበታል። በሽታ ሳይሆን ውኃና አየር ቦታ መቀያየራቸው ነው። ሳቀች። ሳቋን ማቆም አቃታት። ከምትፈራው ነገር ስር እንዲህ ያለ ተራ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ተኝቶ ማግኘት! ውሻው ጥርሱን ታምሞ ኖሮ ተነቅሎለት ሄደ፤ ደስታው ግን ከእሷ ጋር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ያዛት። በሽተኛውን ሆድ ሐኪም ሁሉ ያየዋል። ጤነኛውን ማን አየው? ደህና ውሻውን ጎትቶ ክሊኒክ የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ መለመን ጀመረች። አፍራ ሰላምታ እንኳ በቅጡ የማትሰጥ ልጅ፣ መንገድ ላይ ውሻ ያየች እንደሆነ ባለቤቱን ታስቆማለች።

«ውሻዎን አንዴ ራጅ ባነሳልዎት?»

«ምነው፣ ምን ሆነብኝ?»

«ምንም አልሆነም። ለዚያ እኮ ነው የፈለግኩት።»

ሰዎቹ መጀመሪያ ይጠረጥራሉ፣ ቀጥሎ ይስቃሉ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እሷም ከሚያስፈልገው በላይ ጨረር አታባክንም፤ ሁለት ሦስት ምስል አንስታ፣ ውሻውን አመስግና ትሸኘዋለች። አዎ፣ ውሻውን። በዚህ ዓይነት ኮምፒውተሯ ውስጥ የጤነኛ ሆድ ሀብታም ሆነች። የዳቦ ጋጋሪዋ ውሻ ዕውር አንጀቱ፣ ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ያለው ከረጢት፣ በአየር ተሞልቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠምዝዞ የሚታይበት ምስል አላት፤ ባየችው ቁጥር ትፈነድቃለች። የትልቅ ውሻ አንጀት ምን ያህል ሲሰፋ ደህና እንደሆነ፣ የትንሹ ደግሞ ምን ያህል፣ በዓይኗ ለምዳዋለች።

የጎደላት ድመት ነበር። ከድመትም የድመት ባሪየም። ባሪየም እንደ ኖራ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ እንስሳው ሲጠጣው በአንጀቱ ውስጥ እየሄደ በራጅ ብሩህ ሆኖ ይታያል፤ መንገዱን ያሳያል። ውሻ ሾርባ ከደባለቁበት ይልሰዋል። ድመት ግን ይህን የኖራ ወተት ሊጠጣ ቀርቶ፣ ያጠጣውን ሰው ዕድሜ ልኩን ይቀየመዋል። እቤት ውስጥ አንድ ጤነኛ ድመት ነበረ፤ የእናቷ። ስሙ ጌታው ይባላል፤ ጠባዩም እንደ ስሙ ነው። ደህናዬ አንድ ጊዜ ሲሪንጅ ይዛ ስትጠጋው፣ እናቷ በሁለቱ መሀል ቆማ፣ «ልጅ የወለድኩት ድመቴን ኖራ እንድታጠጣ አይደለም» ብላ አገደቻት። ነገሩም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ልብስ ሰፊው የመጡት ይህ ጉድለት ገና ሳይሞላ ነው።

ከመንገዱ ማዶ የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ድምፃቸው ከስፌት መኪናቸው ያንሳል። ያን ጠዋት ድመታቸውን ሐርዬን፣ ገና እጅጌ ባልገባለት ኮት ጠቅልለው፣ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

«ክር በላችብኝ» አሉ።

እናትየው ከወንበሯ ብድግ አለች። «ክር? ወይ ጉድ! አንተ ልጅ! ደህናዬ! ኑማ!»

ወንድምየው ሐርዬን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ መመርመር ጀመረ። ትናንት ከሰዓት ነው አሉ ሰፊው፤ የክር ጫፍ ከአፏ ተንጠልጥሎ አዩ፣ ሮጠው ሳይደርሱባት ዋጥ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አረፋ ብቻ ታስመልሳለች። ወንድምየው አፏን ከፍቶ ምላሷን አነሳ፤ ክር አንዳንድ ጊዜ እዚያ ይጠመጠማል። የለም። ቀጥሎ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አኖረ፤ ፊቱም ጨለመ።

«ልቧ አሁንም ያጉረመርማል።»

«ያውቃታል እኮ ልጅሽ» አሉ ሰፊው ወደ እናትየው ዞረው። «ጥርሷን የነቀለላት ጊዜ፣ ማደንዘዣው ትንፋሿን አቆመው። በእጁ ደረቷን እየተጫነ ነው የመለሳት። ያን ጊዜ የሞትኩት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለ ወንድምየው። «ክሩ አንድ ጫፉ ከያዘ፣ አንጀቷ ክሩ ላይ እየወጣ ይሰበሰባል። ከዚያ ክሩ እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ካልቀደድኳት ትሞታለች። ብቀድዳት ደግሞ ልቧ ማደንዘዣውን ላይችለው ይችላል።»

ሰፊው የኮቱን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ያልታሰረ ክር አግኝተው ሳብ አደረጉት። ጨርቁ ተኮማተረ።

«ሽብሽብ» አሉ ቀስ ብለው። «ገባኝ ልጄ።»

ደህናዬ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። አቀርቅራ ሐርዬን አነሳቻትና ወደ ራጅ ክፍሉ ገባች።

መጀመሪያ ያለ ባሪየም አነሳቻት። አንጀቷ አላበጠም፤ ሆዷ ውስጥ የፈሰሰ አየር የለም፤ ስለዚህ እስካሁን የተበሳ ነገር የለም ማለት ነው። ደግ። አልትራሳውንዱን ሞከረች። የድመት አንጀት በአልትራሳውንድ ሲታይ እንደ ተነባበረ ወረቀት ነው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሥርዓቱ የማይዛነፍ፤ ደህናዬ የምትወደው ነገር ነበር። ሐርዬ ግን በማስመለሷ ብዛት አየር ውጣለች። አየር ደግሞ ለአልትራሳውንድ ግድግዳ ነው፤ ከጀርባው ያለውን አያሳይም። እዚህም እዚያም ቁራጭ ቁራጭ አየች፤ ሙሉውን ለማወቅ አልበቃም።

የቀረው ባሪየሙ ነው። በሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጠብ ጠብ አደረገችላት። ሐርዬ ደካማ ስለሆነች ብዙም አልታገለችም፤ ጢሟ ብቻ ነጭ ሆነ። ጥቂት ጠብቃ፣ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አጥብቃ፣ ቁልፉን ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ ምስሉ ወጣ።

ከጨጓራው ደጃፍ የሚነሳው የአንጀት ክፍል እንደ ወትሮው ቧንቧ አይደለም። ሰፋ፣ ጠበብ፤ ሰፋ፣ ጠበብ። ክብ፣ ክር የመሰለ ቅጥን፣ ደግሞ ክብ። በክር የተሰካ የዶቃ ማተብ ቁጭ!

ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ነበር። «ይኸው» አለ። «ተሸብሽቧል። እጄን ልታጠብ።»

«ቆይ! ወንድም ጋሼ፣ ቆይ!» ደህናዬ ክንዱን ያዘችው። እንዲህ አድርጋው አታውቅም። «ሽብሽብ አይደለም፤ ዶቃ ነው! ተመልከት፣ ሽብሽብ ወደ አንድ ወገን ነው የሚሰበሰበው፣ ጨርቁ ወደ ክሩ ይጎተታል። ይሄ ግን በሁለቱም ጎን እኩል ነው። ጤነኛ ድመት አንጀቷን ስታንቀሳቅስ እንዲህ ትጨምቀዋለች። ዶቃ ዶቃ ይመስላል። ጤና ነው ወንድም ጋሼ!»

«የት አይተሽዋል?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«በዓይንሽስ?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«ስንት የድመት ባሪየም አንስተሻል?»

«ሐርዬ የመጀመሪያዬ ናት።»

ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ስክሪኑ ተመለሰና ዓይኑን አጥብቦ አየ። «እቴ፣ እኔም ልቧን ፈርቻለሁ። ግን ከተሳሳትሽ፣ እኛ እዚህ ስንከራከር አንጀቷ እየተገዘገዘ ነው። እስቲ በኛ ማሽን የተነሳ አንድ ጤነኛ ድመት አሳዪኝ። እኔ የቀዶ ክፍሉን ሳዘጋጅ ካደረስሽልኝ፣ አያለሁ።»

ይህን ሲል ደህናዬ ከክፍሉ ወጥታ ነበር። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። የእርሳስ ሽርጥ የለበሰች ሴት ደረጃ ስትሮጥ ያየ፣ ፎቁ የሚፈርስ ይመስለዋል። ጌታው ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። በሁለት እጇ ታቅፋው ስትወርድ፣ እናቷ ደረጃው ስር ጠበቀቻት።

«ወዴት ነው?»

«እማዬ፣ እለምንሻለሁ፤ አንዴ ብቻ።»

«ኖራውን ነው?»

«ኖራውን ነው። ይኸውልሽ፣ እሱ የሚያሳየው ከሐርዬ ጋር አንድ ከሆነ፣ ሐርዬ አትቀደድም።»

እናቷ ለመቆጣት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ሰፊው ባዶውን ኮት እንደታቀፉ፣ ድመቷ ውስጡ ያለች ይመስል፣ እያሹ ተቀምጠዋል። እናትየው አፏን ዘጋችው።

«ቶሎ በይ» አለች። «ደግሞ ጢሙን አጽጂለት።»

«ጾሙን ነው አይደል? ሆዱ ባዶ መሆን አለበት።»

«ጾሙን ነው!» አለች እናት። «ከትናንት ማታ ወዲህ ምን ቀምሶ? ወንድምሽ ክብደት ይቀንስ ብሎ አዟል፤ እኔ ደግሞ የሐኪም ትእዛዝ አከብራለሁ።»

ጌታው እንደ ሐርዬ ደካማ አልነበረም። ከባሪየሙ ግማሹ ሆዱ ገባ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይና ደህናዬ ፀጉር ላይ። እናቱ፣ ማለትም የደህናዬ እናት፣ ከበሩ ውጪ ሆና፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፤ ለነፍስ ነው» ትለዋለች። ደህናዬ አነሳችው። ልቧ ይዘላል። የጎደላት ድመት በመጨረሻ! ምስሉ ወጣ።

አንጀቱ ውስጥ ጠብታ ባሪየም የለም።

ጨጓራው ግን እንደ ዘመን መለወጫ ጆንያ ተወጥሯል። ጥብስ በጥብስ ነው። ነጩ ባሪየም እላዩ ላይ ፈሶ መግቢያ አጥቶ ቀርቷል። ከመሀሉ ደግሞ ትንንሽ አጥንቶች ተሰልፈው፣ እንደ ባቡር ፉርጎ ተያይዘው፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች። «የዶሮ አንገት!»

ከውጭ ቀጠን ያለ ድምፅ፣ «ትንሽ አንገት ናት እኮ» አለ።

ወንድምየው ሰምቶ መጣ። የቀዶ ቆብ አድርጓል፣ እጁ ታጥቦ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ምስሉን አየና ሳቁ አመለጠው። «የሐኪም ትእዛዝ ሲከበር እንዲህ ነው?» ሳቁ ግን አልቆየም። «እንግዲህ ደህናዬ፣ ማስረጃሽ ገና ቁርሱን እየፈጨ ነው። ይሄ እስኪወርድ መሽቶ ይነጋል። መጠበቅ አልችልም።»

ሄደ። የቀዶ ክፍሉ በር ሲከፈት የብረት ዕቃ ድምፅ ተሰማ። ሰፊውም ሰሙት፤ ተነሱ።

ደህናዬ ከሁለቱ ምስሎች ፊት ቆማ ቀረች። ያቺ ዶቃ። ይሄ ጆንያ። አሁን ማንን ላምጣ? የማንን ድመት ልለምን? ጎረቤቷን አሰበች፣ ዳቦ ጋጋሪዋን አሰበች። ድመት፣ ድመት፣ ድመት። ዓይኗ ደግሞ ወደ ሐርዬ ምስል ተመለሰ፤ ጥጉ ላይ የተጻፈው ሰዓት እንደሚለው ከተነሳ ቆይቷል። አሁን አንጀቷ ምን ይመስል ይሆን?

ይሄኔ ነው ሐሳቡ እንደ ጥፊ ያጮላት። የሰብሳቢ ነገር! ሰብሳቢ ሁልጊዜ ሌላ ናሙና ፍለጋ ይሮጣል። ሐርዬን ከማን ጋር ላወዳድር ብላ ፎቅና ምድር ስትል፣ ሐርዬን ከራሷ ከሐርዬ ጋር ማወዳደር ረስታዋለች!

በኮሪደሩ በረረች። የቀዶ ክፍሉን በር በክርኗ መታችው።

«አይቆይም!» አለች።

«ምኑ?» ወንድሟ ሐርዬን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ የማደንዘዣውን መርፌ ይዞ ነበር።

«ጤና አንድ ቦታ አይቆይም፣ ይሄዳል! ክር ከሆነ የያዘውን አይለቅም፤ ደግመን ብናነሳት ያው ሽብሽብ እዚያው ቦታ ይጠብቀናል። ዶቃ ከሆነ ግን ሄዷል! አሁን የለም! አንድ ምስል ወንድም ጋሼ። አንድ። እዚያው ካገኘሁት ራሴ እይዝልሃለሁ፣ ትቀድዳታለህ።»

ትንፋሿ አለቀ። በሕይወቷ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

ወንድሟ መርፌውን አየ፣ ድመቷን አየ። እናቷ ከኋላ ደርሳ፣ «አንተ» አለችው። «እዚህ ቤት ዛሬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ስማት።»

«እናንተ ሴቶች» አለ ወንድምየው፤ መርፌውን ግን አስቀመጠ። «አንድ ምስል።»

ሐርዬን በዚያው ጎኗ፣ በዚያው ቦታ አስተኟት። ሰፊው ከበሩ የእርሳስ መስታወት ጀርባ አፍንጫቸውን አስጠግተው ቆሙ። የእናትየው እጅ ትከሻቸው ላይ ነበር። ደህናዬ ቁልፉን ተጫነች።

አዲሱን ምስል ከፊተኛው ጎን ለጎን ከፈተችው። ወንድሟ በትከሻዋ ላይ አጎነበሰ።

ዶቃው በነበረበት ቦታ ለስላሳ ጥብጣብ አለ። ወጥ፣ ምንም መጨማደድ የሌለው፣ ጠርዙ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል። ዶቃዎቹስ? ወደ ታች ወርደዋል! እዚያ ታች፣ ቅድም ባዶ በነበረው ጥምዝ ላይ፣ አዲስ ዶቃ ተሰክቷል፤ ሰፋ፣ ጠበብ፣ ሰፋ፣ ጠበብ።

ደህናዬ ልትጮህ ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣትም።

«ሄደ!» ብሎ የጮኸው ወንድሟ ነው። «ሄደ እኮ! አየሽው? አንጀቷ እየሠራ ነው! አንድ ጨምሪ!»

«አንድ ነው ያልከው» አለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር።

«እርግጠኛ ሆነን ነው የምንነግራቸው፤ አንድ ጨምሪ!»

ጥቂት ጠብቀው ደገሙ። ዶቃው ደግሞ ሌላ ቦታ። ይሄኛው ጥምዝ ተጨመቀ፣ ያኛው ተፈታ። ማዕበል ይመስላል፤ ማዕበሉን የሚያስቆም ክር በየትም የለም። የመጨረሻው ምስል ላይ ነጩ ባሪየም ከቀጭኑ አንጀት ወጥቶ ትልቁ አንጀት በር ላይ ደርሷል። መንገዱ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ክፍት ነው።

ወንድምየው ወጥቶ ለሰፊው ነገራቸው። ሰፊው ወዲያው አልገባቸውም።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?»

«ጨጓራዋ ተቆጥቷል አባባ። ክሩ አጭር ቢሆን ነው፤ ወይ በማስመለሷ ወጥቷል፣ ወይ ማንም ሳያየው መንገዱን ይዞ ይወጣል። ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ እወጋታለሁ፣ ማታ ትንሽ ምግብ ይስጧት። አትቀደድም።»

«አትቀደድም?»

«አትቀደድም።»

«ልጄ፣ እስቲ ድገመው። ጆሮዬ ጥሩ አይደለም።»

ጆሮአቸው ደህና ነው፤ መንገድ ማዶ ሆነው የወደቀ መርፌ ይሰማሉ። ወንድምየው ግን ደገመላቸው። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ መነጽሯን ጠራረገች። ሐርዬ፣ ባለ ነጭ ጢሟ፣ ለመርፌው ስትያዝ ወንድምየውን አውራ ጣቱን ነከሰችው፤ ከትናንት ወዲህ ያሳየችው የመጀመሪያ ጉልበት ነው። «ተመስገን! ነከሰችው!» አሉ ሰፊው፤ ክፍሉን ሳቅ ሞላው።

ኮቱን ዘርግተው ሐርዬን ጠቀለሏት። መሄድ ግን አልሄዱም። በራጅ ክፍሉ ደጃፍ ቆመው ወደ ስክሪኑ አሻግረው አዩ። ያፍራሉ፤ የሚጠይቁት ነገር አላቸው።

«ይግቡ አባባ» አለች ደህናዬ።

«የኔዋ ናት?»

«የርስዎ ናት። ይኸው ጨጓራዋ። ይኸው በሩ፤ ድመት ላይ በሩ ከመሀል ነው ያለው፣ ውሻ ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚህ ይነሳል…»

ሰፊው ጣታቸውን ስክሪኑን ሳይነኩ አስከትለው ሄዱ፤ ጨርቅ ላይ መስመር እንደሚያሰምሩ። ደህናዬ አላቀረቀረችም። ፀጉሯ ላይ የደረቀ ባሪየም፣ ትከሻዋ ላይ ከባድ ሽርጥ፣ እያንዳንዱን ጥምዝ ታሳያቸዋለች፤ ድምፅዋ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። የራሷም አንጀት ቅቤ ጠጥቷል። ይህ ሁሉ ሥራ በየሆዱ ውስጥ በዝምታ ይሠራል፤ ማንም አያመሰግነው፣ ማንም አያየው። አሁን ግን አንድ ልብስ ሰፊ አፋቸውን ከፍተው እያዩት ነው!

«ወረፋ አለ እኮ!» አለች እናትየው ከኮሪደሩ። «ሰው ቆሟል! ውሻው ምንጣፉን እየበላ ነው!»

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ» አለ ወንድምየው። የቀዶ ቆቡን ገና አላወለቀም። ወንበር ስቦ ከሰፊው አጠገብ ተቀመጠ፤ የተነከሰ አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ ምስሉን ያያል።

«ቀጥሎስ ደህናዬ?» አላት። «ከዚህ ጥምዝ ቀጥሎ የት ነው የሚሄደው?»